ጓሮና አውሬ፤ ጠባቂውስ ማነው?

ስለ ገበሬው ኑሮ በየስብሰባው ክርክር ሲነሣ መሬት፣ ማዳበሪያና ገበያ ይነገራሉ፤ ጓሮው ግን የሴቶች ሥራ ነው እየተባለ ይታለፋል። ይህን አመለካከት አንቀበልም። በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ምድር እንኳ በመሠረቱ እንሰት፣ ቡናና ዛፍ ተሰባጥረው የሚበቅሉበት ጓሮ ነው።

ጓሮ ማበጀቱ ከባድ አይደለም። ለቤት የቀረበ፣ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይመረጣል፤ አፈሩ ተቆፍሮ በበሰበሰ ፍግና በጥቂት አመድ ይዳብራል፤ መደቡ ከአንድ ሜትር ብዙ አይስፋ፤ አለዚያ ለአረም ሲገባ እየተረገጠ ይጠቀጠቃል። ለመጀመሪያ ጎመን፣ ድንች፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ይበቃሉ። ጭንቁ የሚመጣው ቡቃያው ሲያምር ነው።

አውሬው ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ መከላከያውም አንድ ሊሆን አይችልም። ጃርት በሌሊት ይመጣል፤ መዝለል ባይችልም መቆፈር ያውቅበታል። ስለዚህ እሾህ ከላይ መከመር ብቻ ዋጋ የለውም፤ የድንጋዩ ካብ መሠረት አንድ ክንድ ያህል መሬት ውስጥ መግባት አለበት። ፍልፈል ጭራሽ ከምድር በታች ስለሚሄድ አጥር አያግደውም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው እንሰቱ ሥሩ ተበልቶ ሲጠወልግ ነው። በየጧቱ አዲስ የተገፋ አፈር ፈልጎ በመተላለፊያው ወጥመድ ማኖር ግድ ይላል። ከርከሮን ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ የቃጫ አጥር ያስቸግረዋል።

ዝንጀሮ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በቀን፣ በመንጋ ይመጣል፤ አጥር ይዘላል፤ ማስፈራሪያውንም በጥቂት ቀን ይለምደዋል። የሚመልሰው ሰው ብቻ ነው። ነገሩ የሚመረው እዚህ ላይ ነው፤ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ የበቆሎ እሸት በሚደርስበት ሰሞን ደግሞ ትምህርት ቤት ይከፈታል። አንዳንዶቻችን ደብተር ይዘን ስንሄድ ማማው ላይ የቀረ ወንድም ወይም እኅት ነበረን።

መግደል መፍትሔ አይሆንም፤ ሕጉ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን ይከለክላል። ይልቅስ ዝንጀሮ የሚወደው በቆሎ ወደ ቤት ተጠግቶ ይዘራ፤ በዳር በኩል እምብዛም የማይነካው ቃሪያና ሚጥሚጣ ይተከል፤ መደበቂያ የሚሆነው ቁጥቋጦ ከአጥሩ ዙሪያ ይመንጠር። ጥበቃውም እንደ ደቦ በተራ ይሁን። ጓሯቸው የሚዋሰን አምስት ቤቶች ቢስማሙ ለአንድ ጎልማሳ ተራው የሚደርሰው በአምስት ቀን አንዴ ነው፤ ልጆቹም ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ ይውላሉ። ወደ አገር ቤት ስትደውሉ ዘንድሮ ማማው ላይ ማን እንደተመደበ ጠይቁ።