ጥርጣሬ ይዞ ከመጠጥ መላቀቅ ይቻላል

«ጸልይ፣ ይተውሃል።» ከመጠጥ ጋር የሚታገል ሰው ከዘመድ አዝማድ ቀድሞ የሚሰማው ምክር ይኸው ነው። ምክሩ ከፍቅር ይመጣል። ጸልዮ ያልተወው ሰው ግን ከሱሱ በተጨማሪ «እምነት የለኝም ማለት ነው» የሚል እፍረት ይሸከማል። የአዲስ አበባውን ኦሎምፒያ በመሰለ፣ መጠጥ ቤቱ በበዛበትና የኡራኤል ቤተ ክርስቲያንም ሩቅ ባልሆነበት ሰፈር ይህን ሸክም ይዞ የሚመላለስ ሰው አይጠፋም።

የአልኮል ጥገኝነት በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ላይ የሰፈረ ሕመም ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው አንጎሉ ከአልኮል ጋር ተላምዷል። በድንገት ሲያቆም ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጣል። አንዳንዱን በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል፤ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ገደማ ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መስማት፣ ቦታና ሰዓት መሳት ሊመጣ ይችላል። ይህን ያየ ቤተሰብ «መንፈስ ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ ሆኖም ሰውየው ሕክምና ካላገኘ ሊሞት ይችላል። ሐኪም በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ያሻግረዋል።

ይህ ማለት ጸበል ይቅር ማለት አይደለም። በኤችአይቪ ጉዳይ ተመሳሳይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እንጦጦ ጸበል የገቡ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ለመጠጥ ሕመምተኛ ይህ አባባል ከዚያ ባልተናነሰ ይሠራል።

እግዚአብሔር መኖሩን የሚጠራጠር፣ ወይም ሰባኪ ስላዋረደው ከሃይማኖት የሸሸ ሰውስ? እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው የመጠጥ ሕመምተኞች ኅብረት ይህን ጥያቄ ገና ከጅምሩ ተጋፍጦታል። ከቀደምት አባላቱ መካከል ተጠራጣሪዎች ነበሩና፣ እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣው መጽሐፉ ውስጥ የአምላክ ስም «እኛ እንደተረዳነው» ከሚል ቃል ጋር ገባ፤ ለተጠራጣሪዎች የተጻፈ ሙሉ ምዕራፍም አለው። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። «ከእኔ የሚበልጥ ኃይል» የሚባለውን አንዱ ፈጣሪ ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ አብረውት የሚታገሉትን ሰዎች ነው የሚያስበው። ዋናው ነገር «ብቻዬን አልቻልኩም» ብሎ እጅን ለእርዳታ መዘርጋት ነው። እኔ እንደሚገባኝ፣ ይህን ለማለት የእምነት ፈተና ማለፍ አያስፈልግም።

እፍረቱ በአማኞችም ላይ ይከብዳል። ሙስሊሙ መጠጥ ሐራም መሆኑን እያወቀ ስለጠጣ፣ ጴንጤው ደግሞ ጉባኤው እንዳይሰማ ሲል ችግሩን ይደብቃል፤ መደበቁም ሕክምናውን ያዘገያል። ኦርቶዶክሱ ሌላ ፈተና አለበት፦ ማኅበር ላይ ጠላ ይቀርባል፣ ጋባዧም «በሞቴ!» ትላለች። ላቆመ ሰው ያቺ አንድ ብርጭቆ ወደ ድሮው ልትመልሰው ትችላለች። በወይኑ ምክንያት ቅዱስ ቁርባንን ለሚፈራ ግን የሚያሳርፍ ነገር አለ፤ የቤተ ክርስቲያናችን የቁርባን ወይን በውኃ ከተዘፈዘፈ ዘቢብ የሚጨመቅ እንጂ የተጠመቀ መጠጥ አይደለም።

በየቀኑ አብዝታችሁ የምትጠጡ ከሆነ በድንገት ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚህ ከሚኬድባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እናንተም ጋባዦች፣ እንግዳችሁ አንድ ጊዜ «አልጠጣም» ካለ ሁለተኛ አትለምኑት፤ ምክንያቱንም አትጠይቁት።