የቋሚ ንብረት አመዘጋገብና የእርጅና ቅናሽ፤ ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው ያለው ትርጉም

መግቢያ

አንድ ትምህርት ቤት የጽሑፍ ማባዣ መሣሪያ ሲገዛ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ለሚገለገልበት ክፍል በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል፤ ዋጋውም በዚያው የበጀት ዓመት እንደ ወጪ ተጽፎ ሒሳቡ ይዘጋል። ከዚያን ዕለት ወዲህ መሣሪያው በንብረት መዝገብ ላይ በቁጥር ይኖራል እንጂ በሒሳብ መዝገብ ላይ ዋጋ የለውም። በሁለተኛው ዓመት ስንት እንደሚያወጣ፣ በአምስተኛው ዓመት ምን ያህል አገልግሎት እንደቀረው፣ መቼ ሊተካ እንደሚገባው የሚናገር ሰነድ አይኖርም። አንድ ቀን መሣሪያው ይቆማል፤ ፈተና ሊባዛ አንድ ሳምንት ሲቀረው ርዕሰ መምህሩ ያልታሰበ ችግር ደረሰብኝ ብሎ ለበላይ መሥሪያ ቤት ይጽፋል። ይሁን እንጂ ችግሩ ያልታሰበ ይሁን እንጂ የማይታሰብ አልነበረም። መሣሪያው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ወደዚያ ቀን ሲጓዝ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተገኘ ንብረት በምን ዋጋ እንደሚመዘገብ፣ ዋጋውም ለአገልግሎት ዘመኑ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ አንድ ድርጅት ሌላውን ጠቅልሎ ሲገዛ ሒሳቡ ምን መልክ እንደሚይዝ በምሳሌ ማስረዳት ነው። የሒሳብ አያያዝ ለሚያስተምሩ መምህራን ለማስተማሪያ፣ ለዕቅድ ባለሙያዎች ደግሞ ለስሌት መነሻ ይሆናል የሚል እምነት አለ።

የንብረት ዋጋ ምን ምን ይጨምራል?

ቋሚ ንብረት የሚባለው ለሽያጭ ሳይሆን ለአገልግሎት የተያዘ፣ ጥቅሙም ከአንድ ዓመት በላይ የሚዘልቅ ንብረት ነው። የሚመዘገበው በተገኘበት ዋጋ ሲሆን፣ ይህ ዋጋ በደረሰኝ ላይ ከተጻፈው ይሰፋል። ንብረቱን ከሚሠራበት ቦታ ለማድረስና ለሥራ ብቁ ለማድረግ የግድ የወጣ ወጪ ሁሉ የዋጋው ክፍል ነው።

ለምሳሌ ማባዣው በብር 180,000 ተገዛ እንበል። ለማጓጓዣ ብር 6,000፣ ለተከላና ለሙከራ ብር 4,000 ተከፈለ። ለሠራተኛ ማሠልጠኛም ብር 5,000 ወጣ። የመሣሪያው ዋጋ 180,000 + 6,000 + 4,000 = ብር 190,000 ነው። የሥልጠናው ብር 5,000 ግን በዚያው ዓመት በወጪነት ይያዛል። ምክንያቱም ዕውቀቱን ይዞ የሚሄደው ሰው ነው፤ ሠራተኛው ቢለቅ ትምህርት ቤቱ ዕውቀቱን ሊያስቀረው አይችልም። ተመላሽ የማይሆን ቀረጥና ታክስም እንዲሁ ከዋጋው ጋር ይደመራል።

በስጦታ የተገኘ ንብረት ገንዘብ ስላልተከፈለበት ብቻ ዋጋ የለውም ማለት ስሕተት ነው። ከወላጆች፣ ከቀድሞ ተማሪዎች ወይም ከረድኤት ድርጅት የተገኘ ኮምፒዩተር በተረከቡበት ቀን ባለው ትክክለኛ የገበያ ግምት ሊመዘገብ ይገባዋል። በነፃ የተገኘም ያረጃል፤ ሲያረጅ ግን የሚተካው በነፃ ላይሆን ይችላል።

የእርጅና ቅናሽና ስልቶቹ

የእርጅና ቅናሽ ማለት የንብረቱን ዋጋ ለሚያገለግልባቸው ዓመታት በሥርዓት ማከፋፈል ነው። ንብረቱ ዛሬ ገበያ ቢወጣ ስንት ያወጣል የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ የታሰበ አይደለም፤ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱትም በዚህ ላይ ነው። ለስሌቱ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም የተገኘበት ዋጋ፣ የአገልግሎት ዘመኑና በመጨረሻ ሊሸጥበት የሚችለው ቀሪ ዋጋ ናቸው። የመጀመሪያው በማስረጃ የሚታወቅ ሲሆን ሁለቱ ግምት ናቸው። ግምቱም በየዓመቱ መጨረሻ እንደገና ሊታይ ይገባል።

ሀ/ የእኩል ቅናሽ ዘዴ። የማባዣው የአገልግሎት ዘመን 6 ዓመት፣ ቀሪ ዋጋው ብር 10,000 ነው ብንል፣ የዓመቱ ቅናሽ (190,000 – 10,000) ÷ 6 = ብር 30,000 ይሆናል። የመዝገብ ዋጋውም በ1ኛው ዓመት መጨረሻ 160,000፣ በ2ኛው 130,000፣ በ3ኛው 100,000፣ በ4ኛው 70,000፣ በ5ኛው 40,000፣ በ6ኛው ብር 10,000 ይሆናል። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ መሣሪያው ጥር 1 ቀን ለሥራ ዝግጁ ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ የስድስት ወር ብቻ፣ ማለትም ብር 15,000 ነው።

ለ/ በቀሪ ዋጋ ላይ የሚሰላ ቅናሽ። በዚህ ዘዴ ቋሚ መቶኛ በየዓመቱ በቀረው የመዝገብ ዋጋ ይባዛል። መቶኛው 25 ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ ብር 47,500፣ የሁለተኛው ብር 35,625 ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ አገልግሎት ለሚሰጡና ቶሎ ጊዜ ለሚያልፍባቸው መሣሪያዎች ይስማማል።

ሐ/ በሥራ መጠን የሚሰላ ቅናሽ። መሣሪያው በዕድሜው 1,800,000 ገጽ ያባዛል ተብሎ ቢገመት፣ የአንድ ገጽ እርጅና 180,000 ÷ 1,800,000 = 10 ሳንቲም ነው። በአንድ ዓመት 300,000 ገጽ ቢባዛ የዓመቱ ቅናሽ ብር 30,000 ይሆናል። ይህ ዘዴ የአንድ ፈተና ዋጋ ከወረቀትና ከቀለም ሌላ የመሣሪያውንም ድካም እንደሚጨምር ለተማሪዎች በግልጽ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ሊጤን ይገባል። ዓለም አቀፉ መመዘኛ እንደሚለው እርጅና የሚቆጠረው ንብረቱ ለአገልግሎት ዝግጁ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ሥራ ፈት ሆኖ መቀመጡ ቆጠራውን አያስቆመውም። የሥራ መጠን ስልት ብቻ የተለየ ነው። መብራት እስኪገባ ተብሎ በካርቶን እንደታሸገ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ማንም ሳይነካው ያረጃል፤ ጊዜ ያልፍበታልና።

መሬት በመሠረቱ አያረጅም። በአገራችን ደግሞ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የግል ድርጅት በመዝገቡ የሚይዘው መሬቱን ሳይሆን የመጠቀም መብቱን ነው። በሊዝ የተገኘ መብት የተወሰነ ዘመን ስላለው ዋጋው ለዚያ ዘመን ይከፋፈላል።

የግብር ሕግ የሚፈቅደው መቶኛ ሌላ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ለሕንፃ 5 በመቶ፣ ለኮምፒዩተር 25 በመቶ፣ ለሌሎች የንግድ ንብረቶች 20 በመቶ ይፈቅድ ነበር። ይህ አዋጅ በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 979 ተተክቷል። እንዲህ ያለው መቶኛ ግብር ለማስላት የተወሰነ እንጂ የአንድን ዴስክ ወይም የአንድን ማይክሮስኮፕ ዕድሜ የሚመሰክር አይደለም።

ብዙ ንብረት በአንድ ዋጋ ሲገዛ

አንዳንድ ጊዜ የተለያዩ ዕቃዎች ባንድነት ይገዛሉ። ሦስት ያገለገሉ መሣሪያዎች በድምሩ በብር 600,000 ተገዙ እንበል። በተናጠል ቢሸጡ የገበያ ግምታቸው ብር 400,000፣ ብር 240,000 እና ብር 160,000፣ በጠቅላላው ብር 800,000 ነው። የተከፈለው ዋጋ በግምቱ መጠን 50፣ 30 እና 20 በመቶ ሆኖ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ መሣሪያዎቹ በብር 300,000፣ በብር 180,000 እና በብር 120,000 ይመዘገባሉ። እኩል ለሦስት መክፈል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ዕድሜ የተለያየ ስለሆነ የየዓመቱን ቅናሽ ያዛባል።

ድርጅት ሲገዛ

የተገዛው ንብረት ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውና አሠራሩ ጭምር በሥራ ላይ ያለ ድርጅት ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። አንድ ባለሀብት አንድን የግል ትምህርት ቤት በ24 ሚሊዮን ብር ገዛ እንበል። በግዢው ቀን የሕንፃው ትክክለኛ ግምት 10 ሚሊዮን፣ የሊዝ መብቱ 2 ሚሊዮን፣ ተሽከርካሪና የቤት ዕቃ 4 ሚሊዮን፣ ቤተ ሙከራና መጻሕፍት 2 ሚሊዮን፣ ተሰብሳቢ ሒሳብ 1 ሚሊዮን፣ በድምሩ 19 ሚሊዮን ብር ነው። በሌላ በኩል 2 ሚሊዮን ብር ዕዳ አለ፤ ይህም ወላጆች ቀድመው የከፈሉትን፣ ትምህርቱ ግን ገና ያልተሰጠበትን ገንዘብ ይጨምራል። የተጣራው ሀብት 17 ሚሊዮን ብር ሲሆን፣ ገዢው ከዚህ በላይ የከፈለው 7 ሚሊዮን ብር መልካም ዝና ወይም ጉድዊል ይባላል። የመምህራኑ ቅንጅት፣ የወላጆች አመኔታ፣ ለብዙ ዓመታት የተገነባ ስም በዚህ ውስጥ ይገኛል።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ሕንፃው በሻጩ መዝገብ 6 ሚሊዮን ብር ብቻ ቀርቶት ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ግን የሚነሣው ከ10 ሚሊዮን ነው። የሻጩ የተጠራቀመ ቅናሽ ወደ ገዢው አይተላለፍም። ሁለተኛ፣ ሕንፃው 40 ዓመት ሊቆም ቢችልም የሊዙ ዘመን የቀረው 20 ዓመት ከሆነና እንደሚታደስ አስተማማኝ መነሻ ከሌለ፣ የሕንፃውም ዘመን 20 ዓመት ነው፤ የዓመቱ ቅናሽም ብር 500,000 ይሆናል። ሦስተኛ፣ ለግዢው ሥራ የተከፈለ የጠበቃና የአማካሪ ክፍያ የመሣሪያ ግዢ ቢሆን ኖሮ ከዋጋው ይደመር ነበር፤ በድርጅት ግዢ ግን በወጪነት ይያዛል።

በሙሉው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ጉድዊል የእርጅና ቅናሽ አይሰላበትም፤ ነገር ግን ዋጋው አለመውደቁ ቢያንስ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይመረመራል። በአገራችን ከታዩት ግዢዎች ዲያጆ የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ በ2004 ዓ.ም. የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካን ከመንግሥት በ225 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር መግዛቱ ይታወሳል። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2020 ባለቀው የሒሳብ ዓመት ከሕንድና ከናይጄሪያ ጋር በኢትዮጵያም ያለው ሀብቱ ዋጋ መውደቁን በሒሳብ መግለጫው አስታወቀ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ፋብሪካውን ለካስቴል ቡድን ሸጠ። ትልቅ ዋጋ መክፈል ብቻውን ትልቅ ሀብት መያዝ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

የእርጅና ቅናሽ የገንዘብ ሣጥን አይደለም

ከሁሉ የከፋው ስሕተት በመዝገብ ላይ የተጠራቀመውን የእርጅና ቅናሽ እንደ ተቀመጠ ገንዘብ መቁጠር ነው። ማባዣው በ6 ዓመት ውስጥ ብር 180,000 ቅናሽ አጠራቅሟል ማለት ብር 180,000 በባንክ አለ ማለት አይደለም። ቅናሹ ማስታወቂያ ነው፤ ገንዘቡን ለይቶ ማስቀመጥ ወይም በጀት መጠየቅ የአስተዳደሩ ተግባር ነው።

ገንዘቡ ተለይቶ ቢቀመጥ እንኳ በቂ ላይሆን ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ መሣሪያን በቀድሞ ዋጋው ልክ ሲያጠራቅም የቆየ ትምህርት ቤት ከግማሽ መሣሪያ ብዙም የማይበልጥ ገንዘብ ይዞ ተገኘ ማለት ነው። ስለሆነም ዕቅድ አውጪው ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ሊይዝ ይገባል፤ አንዱ በመዝገብ ያለው ዋጋ ሲሆን ሁለተኛው የመተኪያ ዋጋ ነው።

ሌላም አለ። በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች በብዛት ባንድ ጊዜ ተሠራጭተዋል። ባንድ ጊዜ የተገዛ ባንድ ጊዜ ያረጃል። የመግዣው በጀት በካፒታል ዕቅድ ጎልቶ ይታያል፤ የእርጅናው ዘመን ግን በሒሳብ ካልተጻፈ ዕዳው ለሚመጣው ዕቅድ አውጪ ሳይነገረው ይተላለፋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ ለረጅም ዘመን በተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ ስልት ተይዞ መቆየቱ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። በ2006ቱ አዋጅ ቁጥር 847 የተጀመረው የሒሳብ ሪፖርት ለውጥ ጉዳዩን ወደ ፊት አምጥቶታል፤ የትምህርት ቤቶች የንብረት መዝገብ ግን ለውጡን ሳይጠብቅ ሊሻሻል ይችላል።

ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው

የሒሳብ አያያዝ መምህር ለዚህ ትምህርት ሩቅ አገር ያለ ፋብሪካ መፈለግ አያስፈልገውም። ተማሪዎች የራሳቸውን ትምህርት ቤት ዴስኮች፣ የቤተ ሙከራ ዕቃዎችና ኮምፒዩተሮች ቆጥረው፣ የተገዙበትን ዓመትና ዋጋ ከሰነድ አፈላልገው፣ የቀራቸውን ዘመን ቢገምቱና ቅናሹን ቢያሰሉ ትምህርቱም ይሠርፃል፤ ትምህርት ቤቱም መዝገብ ያገኛል።

ዕቅድ አውጪው ደግሞ በነባሩ የንብረት መዝገብ ላይ አራት ዓምድ ብቻ እንዲጨመር ቢያስደርግ ብዙ ይጠቀማል፤ የተገኘበት ዋጋና ቀን፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የዓመቱ ቅናሽና ቀሪ ዋጋ፣ የመተኪያ ዓመትና ግምት። አራተኛው ዓምድ ከየትምህርት ቤቱ ተሰብስቦ በዓመት በዓመት ሲደመር፣ ወረዳው በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ለመተኪያ ብቻ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ያውቃል።

ማጠቃለያ

አዲስ መማሪያ ክፍል ሲመረቅ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ያረጀ ጣሪያ ሲታደስ ማንም አይጠራም። የእርጅና ቅናሽ ሒሳብ ለዚህ ለማይታየው ሥራ ድምፅ ይሰጣል። በየዓመቱ ስንት ገነባን ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ከገነባነው ስንቱ አረጀ የሚለው ካልተጠየቀ፣ ዕድገት ብለን የምንቆጥረው ከፊሉ ምትክ ያላገኘውን እንኳ የማይሸፍን ሊሆን ይችላል። ጥያቄውን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው አንድ መዝገብ፣ አራት ዓምድና በየዓመቱ ሰኔ 30 ቀን መዝገቡን የሚገልጥ ሰው ነው።