የተኛው አይጥ ስኳር

በኬታሚንና በዛይላዚን ድብልቅ የተደነዘዘ የቤተ ሙከራ አይጥ ዓይኑን አይጨፍንም። ሆዱ ላይ ከተወጋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እግሩን ቢቆነጥጡት አይሰበስብም፤ ዓይኑ ግን እንደፈጠጠ ነው፣ እንዳይደርቅ ቅባት ይቀቡታል። ከጅራቱ ጫፍ አንድ ጠብታ ደም በስኳር መለኪያ ሲታይ ደግሞ ጤነኛው እንስሳ የስኳር በሽተኛ ይመስላል።

የጀርመኑ ባየር ዛይላዚንን እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራው ለደም ግፊት ነበር። ማፍዘዙ ሲታወቅ ግን የከብትና የፈረስ ሐኪሞች መድኃኒት ሆኖ ቀረ። በ1970ዎቹ የተወጉት ከብቶች ስኳራቸው ሲጨምር ኢንሱሊናቸው ሲቀንስ ታይቷል። የከብት ወሬ አይጥ ወደሚያጠኑት ሰዎች ለመድረስ የተጣደፈ አይመስልም።

በእጅ የተያዘ አይጥ ይደነግጣል፤ ድንጋጤም ስኳር ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ጥፋቱን በድንጋጤ ማሳበብ ቀላል ነበር። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ግን ድብልቁን ነጣጥሎ ሞከረው። ኬታሚን ብቻውን ሲሰጥ ስኳሩ አልጨመረም፤ ፔንቶባርቢታል የተባለው ሌላ ማደንዘዣም እንዲሁ። ዛይላዚን ሲታከልበት ግን ስኳሩ ወጣ። የሚገርመው፣ ድብልቁ ስኳሩን ከፍ ያደረገው በልተው በጠገቡት አይጦች ላይ ነው፤ በጾሙት ላይ ይህ አልታየም።

ዛይላዚን አልፋ ሁለት የሚባለውን ተቀባይ ይነካል። ተቀባዩ አንጎል ውስጥ ሲነካ እንስሳው ይፈዛል። ያው ተቀባይ ግን ኢንሱሊን በሚያመነጩት የቆሽት ህዋሳት ላይም አለ፤ እዚያ ሲነካ ኢንሱሊኑ እንዳይወጣ ያግዳል። ተቀባዩን የሚዘጋው ዮሂምቢን፣ ከአንድ አፍሪካዊ ዛፍ ልጥ የሚገኘው፣ ለአይጦቹ ሲሰጣቸው የስኳሩ ጭማሪ ቀነሰ።

ጉዳቱ በስኳር ጥናት ብቻ አይወሰንም። ዕጢ ያለበት አይጥ ጨረር አመንጪ ስኳር ተወግቶ በፔት ምርመራ ሲታይ፣ ደሙ አስቀድሞ በስኳር ከተሞላ ዕጢው የሚወስደው ይቀንሳል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። እንግዲህ ተመራማሪው የሚያየው ሕመሙን ነው ወይስ ማደንዘዣውን?

ስዊድን፣ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀባዩ በሌላ በር መጣ። በ2010 በታተመ ጥናት፣ በተፈጥሯቸው ስኳር በሚይዛቸው አይጦች ቆሽት ውስጥ ከመጠን በላይ በዝቶ ተገኘ፤ ተቀባዩን የሚያበዛ የዘረመል ልዩነት በሰዎችም ላይ ታየ። በ2014 ይህ ልዩነት ላለባቸው የስኳር ሕሙማን ዮሂምቢን ተሰጣቸው፤ የኢንሱሊን አመንጪነታቸውም ተሻሻለ።