ከዘር ጋር የሚጓዘው በሽታ፦ የቦሎቄ ቫይረስ፣ ክሽክሽና የዘር ዕርዳታ

ድርቅ አንድን አካባቢ ጎድቶ ካለፈ በኋላ ለተጎጂው የሚቀርበው ዕርዳታ በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው የዕለት ቀለብ፣ ሁለተኛው ለመጪው ወቅት የሚሆን ዘር ነው። ቀለቡ የዘገየ እንደሆነ ጉዳቱ ወዲያውኑ ይታያል። ዘሩ እንከን ያለበት እንደሆነ ግን ጉዳቱ የሚገለጠው ገበሬው ጉልበቱን ካፈሰሰና ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። የቦሎቄ ሞዛይክ ቫይረስ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናል።

ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው በሐዋሳና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በስምጥ ሸለቆው ሌሎች ወረዳዎች፣ ቦሎቄ በበልግም ሆነ በመኸር ይዘራል፤ ብዙውን ጊዜም ከበቆሎ ጋር ተሰባጥሮ ይበቅላል። በሦስት ወር ገደማ የሚደርስ በመሆኑ በቆሎው እስኪደርስ ድረስ ባለው ችግር ወቅት ለቤተሰቡ ደራሽ ነው። ከድርቅ በኋላ በሚከናወን የመልሶ ማቋቋም ሥራ ቦሎቄ ተመራጭ የሚሆነውም ስለዚሁ ነው።

ቫይረሱ በሁለት መንገድ ይዛመታል። የመጀመሪያው መንገድ ዘሩ ራሱ ነው። አንድ ተክል ከማበቡ በፊት በቫይረሱ ከተያዘ ከሚሰጠው ፍሬ ውስጥ ከፊሉ በሽታውን ይዞ ይወጣል። ቫይረሱ የሚቀመጠው በፍሬው ጽንስ ውስጥ በመሆኑ ዘሩን በመድኃኒት ማሸት አያጠፋውም፤ በዓይን አይቶም የታመመውን ፍሬ ከጤነኛው መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው መንገድ ክሽክሽ ነው። ይህች ጥቃቅን ነፍሳት ሹል አፏን በታመመው ቅጠል ላይ ለጥቂት ሴኮንዶች ስትሰካ ቫይረሱ በአፏ ላይ ይጣበቃል፤ ወደሚቀጥለው ተክል በርራ ስትቀምስም ታስተላልፈዋለች። ብዙውን ጊዜ ከአጭር ጊዜ በኋላ የማስተላለፍ ኃይሏን የምታጣ ቢሆንም፣ ያ ጊዜ ከተክል ወደ ተክል ለመዛመት ይበቃል። ፀረ ተባይ መርጨት በዚህ በሽታ ላይ እምብዛም የማይረዳውም ለዚህ ነው፤ ነፍሳቷ በመድኃኒቱ ከመሞቷ በፊት ሥራዋን ትፈጽማለች። ኃይለኛ ዝናብ ክሽክሽን ከቅጠል ላይ አጥቦ ሲያወርዳት፣ ዝናብ የተቋረጠበት ደረቅ ጊዜ ግን ለመራባቷ ይመቻል። እንግዲህ ድርቅና ቫይረሱ ተደጋግፈው የሚመጡበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

የጉዳቱን መጠን ለመገመት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። በመስመሮች መካከል 40 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ የተዘራ አንድ ሄክታር 250,000 ያህል የቦሎቄ ተክል ይይዛል። ከዘሩ ከመቶ አንዱ ብቻ የታመመ ቢሆን 2,500 የበሽታ መነሻዎች በማሳው ውስጥ ተበትነው ይበቅላሉ። የቀረውን ክሽክሽ ታደርሰዋለች።

የበሽታው ምልክት በቅጠሉ ላይ ይታያል፤ ፈዛዛና ደማቅ አረንጓዴ ቀለም ይዘነጎርበታል፣ ጠርዙ ወደ ታች ይጠቀለላል፣ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ቋሚያውም ያንሳል። ይህ ሁሉ የውኃ ወይም የማዳበሪያ እጥረት ስለሚመስል በመስክ ላይ ያለ ሠራተኛ በቀላሉ ሊሳሳት ይችላል። በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኘው ሌላው የቫይረሱ ዘመድ ደግሞ አንዳንድ ተቋቋሚ የተባሉ ዝርያዎችን ከጫፋቸው አጠውልጎና ሥራቸውን አጥቁሮ ይገድላል። ስለዚህ በአንድ አገር የተመሰከረለት ዝርያ በሌላው አካባቢ ሳይፈተን እንዳይሠራጭ ያስፈልጋል።

ክሽክሽ የምታስተላልፋቸው ቫይረሶች ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ከሆለታ በተወሰደ የባቄላ ናሙና ላይ የተገኘውና በ2009 እ.ኤ.አ. በተመራማሪዎች ተዘርዝሮ የቀረበው የባቄላ አቀጭጭ ቫይረስ በዘር አይተላለፍም። ክሽክሽ እርሱን ለማግኘት ረዘም ላለ ጊዜ መመገብ ይኖርባታል፤ ካገኘችው በኋላ ግን በሰውነቷ ይዛው ለብዙ ቀናት ታስተላልፈዋለች። በደጋው ባቄላ ላይ ክሽክሽን በወቅቱ መቆጣጠር ጥቅም ሲኖረው፣ በቆላውና በወይና ደጋው ቦሎቄ ላይ ግን ዋናው ጥንቃቄ ከዘሩ ይጀምራል። መድኃኒት ከመገዛቱ በፊት በሽታው የትኛው እንደሆነ መታወቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጉዳይ ለዕርዳታና ለሠፈራ ሥራ ያለው ትርጉም ከባድ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰዎች ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሠፍሩ እንደታየው፣ ሰው በሚጓዝበት ሁሉ ዘርም መጓዙ አይቀርም። ለምግብ የተገዛ እህል በችኮላ ለዘር ሲታደል በሽታው በከረጢት ታስሮ ወዳልነበረበት ወረዳ ሊገባ ይችላል። በአንጻሩ ዘር የጨረሰ ገበሬ የዝናቡን መምጣት እንጂ የምርመራውን ውጤት አይጠብቅም። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚቻለው ዝግጅቱ ከድርቁ በፊት ሲጀመር ነው።

በመሆኑም የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ይመከራሉ፦

1ኛ/ የዘር ግዢ ከምግብ እህል ግዢ ተለይቶ ይፈጸም፤ ዘሩም በአበባ ወቅት ማሳው ከተጎበኘ አምራች ይገዛ።

2ኛ/ ዝርያዎች ከመከፋፈላቸው በፊት እንደ ሐዋሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያሉ ተቋማት አስተያየት ይጠየቅ።

3ኛ/ ገበሬው ቅጠላቸው የተዥጎረጎረ ተክሎችን ገና በለጋነታቸው እንዲነቅልና ከእነርሱ ዘር እንዳያስቀር ይመከር።

4ኛ/ ዝናቡ እንደያዘ በወቅቱ ይዘራ፤ ክሽክሽ በምትበዛበት ጊዜ ጠንክሮ የደረሰ ተክል ጉዳቱን የተሻለ ይቋቋማል።

ቀለብ የተቀበለ ቤተሰብ አንድ ወር ይሰነብታል። ጤነኛ ዘር የተቀበለ ግን በሚቀጥለው ዓመት ከዕርዳታ ተቀባዮች መዝገብ ስሙ ሊወጣ ይችላል። የታመመ ዘር ከደረሰው ግን ያው ስም በዚያው መዝገብ ላይ ዳግመኛ ይጻፋል።