የበጋ ልብስ ስፌት ለጀማሪዎች

የበጋ ልብስ ስፌት በሙቀት ወቅት የሚለበሱ ስስና ሰፋ ያሉ ልብሶችን፣ እንዲሁም ከእነርሱ ጋር የሚያዙ እንደ ጨርቅ ቦርሳ ያሉ ዕቃዎችን በቤት ውስጥ የመስፋት ሥራ ነው። ስፌት ለሚጀምር ሰው ከኮት ወይም ከሱሪ ይልቅ ይህ ዓይነቱ ልብስ ይመረጣል። ገበር የለውም፣ ብዙ ጊዜ ዚፕም ቁልፍም አይፈልግም፣ ከሰውነት ጋር ልክክ ማለት ስለሌለበትም የአንድ ሴንቲሜትር ስሕተት አያበላሸውም። አብዛኛው ክፍሉ ቀጥ ባለ መስመር የሚቆረጥ አራት ማዕዘን ስለሆነ የወረቀት ንድፍ (ፓተርን) ሳይገዙ በሜትርና በጠመኔ ብቻ መሥራት ይቻላል።

«በጋ» የሚለው ቃል ግን እንደ አገሩ ይለያያል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሞቃቱ ወቅት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብና ብርድ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ለሐምሌ የተዘጋጀ የቀሚስ ንድፍ ለአዲስ አበባ ሰው የሚሆነው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። በአፋር፣ በጋምቤላ ወይም በድሬዳዋ ለሚኖር ግን ዓመቱን ሙሉ ሊያገለግል ይችላል።

የጨርቅ ምርጫ

ለጀማሪ የሚስማማው መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ የማይለጠጥ የጥጥ ጨርቅ ነው። ፖፕሊን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ መቀስ ሲገባበት አይሸሽም፣ በካውያ ሲታጠፍ እጥፉን ይይዛል፣ ላብ ይመጣል። ከተልባ ተክል ግንድ የሚሠራው ሊኖ ከጥጥም ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ቶሎ ይጨማደዳል፣ ጠርዙም ይተረተራል። (በኢትዮጵያ ተልባ በብዛት የሚዘራው ለፍሬው ነው።) ሳቲን፣ ሺፎንና የሚለጠጥ ጨርቅ በሱቅ ሲታዩ ዓይን ይስባሉ፤ ሆኖም በመኪናው ሥር ይንሸራተታሉ፤ ጀማሪም ጥፋቱ የእጁ ይመስለውና ተስፋ ይቆርጣል። እነርሱን ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ሥራ ማቆየት ይበጃል።

በገበያ ላይ ያለ ጣቃ ምን እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የለውም፤ «ንጹሕ ጥጥ ነው» የሚባለውም ሁልጊዜ እንደተባለው አይደለም። ጥርጣሬ ሲኖር ከጨርቁ ጥቂት ክሮች መዝዞ በወረንጦ በመያዝ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ማቃጠል ይቻላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ የሚተወውም በጣት የሚደቅ አመድ ነው። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ሁለቱ የተቀላቀሉበት ጨርቅ የሁለቱንም ምልክት ያሳያል። ድብልቅ ጨርቅ መጥፎ አይደለም፤ ብዙ አይጨማደድም። ነገር ግን በሙቀት ጊዜ ሰውነትን ያፍናል፣ ትኩስ ካውያም አይችልም።

የሸማ ጨርቅ ለብቻው መነሣት አለበት። በእጅ የተሸመነ ስለሆነ ለበጋ እጅግ ይመቻል፣ ሽመናው ላላ ያለ በመሆኑ ግን ከተቆረጠበት ቦታ ወዲያው ይተረተራል። የነጠላ ጫፍ የሚቋጨውም ክሩ እንዳይፈታ ነው። ሸማ የሚሰፋ ጀማሪ ከመቁረጡ በፊት በሚቆረጠው መስመር ግራና ቀኝ ሁለት ስፌት ቢያሳልፍና በመካከላቸው ቢቆርጥ ጨርቁን ያድናል።

ከመቁረጥ በፊት

ብዙ የመጀመሪያ ልብስ የሚበላሸው በስፌቱ ሳይሆን ከመቁረጥ በፊት በሚዘለል ሥራ ነው። ጥጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከመቶ ሦስት እስከ አምስት እጅ ማጠሩ የተለመደ ነው። 67 ሳንቲም ርዝመት ያለው ጨርቅ በዚህ ስሌት ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲም ከግማሽ ያህል ያጣል። ሳይታጠብ የተሰፋ ቀሚስ በተሰፋበት ቀን ልክ ሆኖ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ከጉልበት በላይ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ልብሱ ወደፊት እንደሚታጠበው ዓይነት ጨርቁን አጥቦ፣ አድርቆና ተኩሶ ከዚያ መለካት።

ሁለተኛው ጉዳይ የክሩ አቅጣጫ ነው። ሽመና የሚያውቅ ሰው ድርና ማግን ይለያል፤ ድር በጣቃው ርዝመት የሚሄደው፣ ማግ ደግሞ በወርዱ የሚገባው ክር ነው። ድሩ በፋብሪካ ከተጠናቀቀው የጨርቁ ዳር ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ቀሚስ ሲቆረጥ ድሩ ከወገብ ወደ ታች ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ጨርቅ ለመቆጠብ ሲባል ቅዱ ጠመም ተደርጎ ከተቆረጠ ልብሱ በአካል ላይ ይዞራል፣ ታችኛው ጫፉም በአንድ ወገን ይንጠለጠላል። ይህ ጥፋት ከተሰፋ በኋላ አይታረምም። ጨርቁ ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ በወርዱ አንድ የማግ ክር ይመዘዛል፤ ክሩ በወጣበት ቦታ የሚታየው ስስ መስመር የመቁረጫ መስመር ይሆናል።

መሣሪያዎች

ለሥራው የሚያስፈልጉት ሜትር፣ ለጨርቅ ብቻ የተለየ መቀስ፣ እስፒል፣ መርፌ ቁልፍ፣ ጠመኔ ወይም የሳሙና ስባሪ፣ ካውያና ክር ናቸው። መቀሱ ወረቀት ከቆረጠ ይደንዛል፤ በቤቱ ያለ ሁሉ ይህን ሊያውቅ ይገባል።

የስፌት መኪና ቢኖር ሥራው ይፈጥናል። የአይዛክ ሲንገር መኪና እ.ኤ.አ. በ1851 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ «ሲንጀር» የሚለው ስም ለብዙ ሰው የመኪናው መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። በእግር የሚረገጠው አሮጌው ዓይነት ያለ መብራት ይሠራል። ለሚማር ሰው እንዲያውም ጥቅም አለው፤ ፍጥነቱ ከእግር ስለማያልፍ ጨርቁ ከእጅ አያመልጥም።

መርፌ የሚመረጠው እንደ ጨርቁ ውፍረት ነው። በመርፌ ማሸጊያ ላይ የሚታዩት ሁለት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ 80/12፣ የአንድ መርፌ መጠን በአውሮፓና በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው። 70/10 ለስስ ጨርቅ፣ 80/12 ለፖፕሊን፣ 90/14 ለወፍራም ጥጥ ይሆናል። ለመደበኛ ስፌት የእርምጃው ርዝመት 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ይደረጋል።

በጨርቁ ሥር ክር ተጥመልምሎ መገኘቱ ጀማሪን በጣም ከሚያስቸግሩ ነገሮች አንዱ ነው። የታችኛው ክር ችግር ይመስላል፤ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የላይኛው ነው። ክሩ ሲገባ የመኪናው እግር ወደ ላይ ተነሥቶ መሆን አለበት፤ እግሩ ከወረደ ክሩን የሚያጠብቁት ሳህኖች ስለሚገጥሙ ክሩ በመካከላቸው አይገባም፣ ላልቶም ወደ ታች ይሳባል። እግሩን አንሥቶ ክሩን እንደገና ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

መኪና የሌለው ሰው በእጅ መስፋት ይችላል። ለጎን ስፌት መርፌው አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመልሶ ሁለት ወደፊት የሚሄድበት ስፌት ይመረጣል፤ ወደፊት ብቻ ከሚሄደው ይልቅ አይበጠስም። አንድ ጉርድ ቀሚስ በእጅ ለመስፋት ጥቂት ምሽቶች ይበቃሉ።

ባለላስቲክ ጉርድ ቀሚስ

ይህ ቀሚስ የጀማሪ ሥራዎች ሁሉ መሠረት ሊባል ይችላል። ቀጥ ያለ ስፌት፣ ጠርዝ ማጠፍና ላስቲክ ማስገባት የሚባሉትን ሦስት ሥራዎች ያስተምራል፤ እነዚህን የቻለ ሰው የቤት ሱሪም የልጅ ቀሚስም መሥራት ይችላል።

የሚያስፈልጉት ልኬቶች ሦስት ናቸው፦ ወገብ፣ ዳሌ (በሰፊው ቦታ ላይ) እና ርዝመት። ወገቡ 74፣ ዳሌው 94፣ የሚፈለገው ርዝመት 60 ሳንቲም የሆነ ሰው በምሳሌነት ይወሰድ። ለመጠነኛ ሽንሽን የዳሌው ልክ በአንድ ተኩል ይባዛል፤ 141 ሳንቲም ይመጣል። ይህ ለፊትና ለጀርባ ለሁለት ሲከፈል 70.5 ሲሆን፣ ለግራና ለቀኝ ስፌት 1.5 ሳንቲም ሲጨመር እያንዳንዱ ቅድ 73.5 ሳንቲም ወርድ ይኖረዋል። በርዝመቱ 2.5 ሳንቲም ስፋት ላለው ላስቲክ መግቢያ 4 ሳንቲም፣ ለታችኛው እጥፋት 3 ሳንቲም ተጨምሮ 67 ሳንቲም ይሆናል።

ጨርቁ 150 ሳንቲም ወርድ ካለው ሁለቱ ቅዶች ጎን ለጎን ስለሚወጡ 75 ሳንቲም ርዝመት መግዛት ይበቃል፤ ትርፉ ለእጥበት ማጠሪያ ነው። በወርዱ ትንሽ ቢሰበሰብም ሽንሽኑ ይቀንሳል እንጂ ቀሚሱ አይጎድልም። ወርዱ 115 ሳንቲም ከሆነ ግን ሁለቱ ቅዶች በተከታታይ ስለሚቆረጡ አንድ ሜትር ተኩል ያስፈልጋል። ይህን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ግማሽ ቀሚስ ይዞ ወደ ሱቅ ይመለሳል፤ ያው ጣቃ እስከዚያ ላይቆይ ይችላል።

ሁለቱ ቅዶች ፊት ለፊት ተገጥመው በእስፒል ይያዛሉ፤ ጎናቸውም ከጠርዙ 1.5 ሳንቲም ገባ ብሎ ይሰፋል። በስፌቱ መጀመሪያና መጨረሻ መኪናው ሁለት ሦስት እርምጃ ወደኋላ ይመለሳል፤ ይህ ክሩን ይቋጥረዋል። የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይተረተር በዚግዛግ ይሰፋል፤ ዚግዛግ የሌለው መኪና ከሆነ በእጅ ይዘመዘማል። ከዚያ ስፌቱ በግልባጩ ተከፍቶ ይተኮሳል። ካውያ ማንሣት የሚሰለች ሰው ይህን ይዘለዋል፤ በቤት የተሰፋ ልብስ ከሱቅ ከተገዛው የሚለይበት ዋናው ነገር ግን ይኸው ነው።

የላይኛው ጠርዝ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 3 ሳንቲም ወደ ውስጥ ታጥፎ ይተኮስና ከታችኛው እጥፍ አጠገብ ይሰፋል። ከኋላ በኩል ላስቲክ የሚገባበት 4 ሳንቲም ያህል ክፍት ይተዋል። ላስቲኩ ከወገቡ 5 ሳንቲም አጥሮ፣ ለመደራረቢያ 2 ሳንቲም ተጨምሮለት ይቆረጣል፤ ለ74 ሳንቲም ወገብ 71 ማለት ነው። ላስቲክ ከላስቲክ ስለሚለያይ ከመቁረጥ በፊት በወገብ ዙሪያ ይዞ መሞከር ከስሌቱ ይበልጣል። አንደኛው ጫፍ መርፌ ቁልፍ ተደርጎበት ይገባል፤ ሌላኛው ጫፍ ተከትሎ እንዳይጠፋ ከጨርቁ ጋር በእስፒል ይያዛል። ከወጣ በኋላ ላስቲኩ አለመጠምዘዙ በጣት ይዳሰሳል፣ ጫፎቹ ተደራርበው ይሰፋሉ፣ ክፍቱም ይዘጋል።

ታችኛው ጫፍ መታጠፍ ያለበት ቀሚሱ ከተለበሰ በኋላ ነው። በጠረጴዛ ላይ እኩል የሆነ ጠርዝ በሰው ላይ እኩል ላይሆን ይችላልና ሌላ ሰው ከወለሉ እየለካ ምልክት ቢያደርግ ይሻላል።

የትራስ ልብስ ቀሚስ

ይህ ለትንሽ ልጅ ከአንድ የትራስ ልብስ የሚሠራ ቀሚስ ነው። 50 በ75 ሳንቲም ገደማ የሆነ የትራስ ልብስ ጎኖቹ ተሰፍተው፣ የክፍቱ ጫፍ ጠርዝም ተጠናቅቆ ስለሚገኝ ግማሹ ሥራ አልቋል። የተዘጋው ጫፍ ተቆርጦ ይከፈታል፣ በሁለቱ ማዕዘኖች ለብብት ቅስት ይቆረጣል፣ የብብቱ ጠርዝ በጠመም በተቆረጠ ጥብጣብ ይሸፈናል። ጠመም መቁረጥ በቀሚሱ ላይ ጥፋት የነበረውን ያህል እዚህ ጥቅም ነው፤ ጥብጣቡ ተለጥጦ ቅስቱን ይከተላል። የፊቱና የጀርባው የላይኛ ጠርዝ ለየብቻ ታጥፎ ሪባን የሚገባበት መተላለፊያ ይሠራለታል።

ቀሚሱ በተለይ በአሜሪካ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በሚሺጋን የተመሠረተው «ሊትል ድሬስስ ፎር አፍሪካ» የተባለ ድርጅት በበጎ ፈቃደኞች የተሰፉ እንዲህ ያሉ ቀሚሶችን ወደ አፍሪካ አገሮች ይልካል። የአካባቢ ልብስ ሰፊ ባለበት ከተማ ጨርቁን ገዝቶ ለሰፊው ሥራ መስጠትም ሌላ አማራጭ ነው።

በብዙ የሥራ መመሪያ የማይነሣው ነገር ሪባኑ ነው። በልጅ አንገት ዙሪያ ያለ የሚሳብ ማሰሪያ በመጫወቻ ስፍራ መሣሪያ ወይም በመኪና በር ተይዞ ልጅን ሊያንቅ ይችላል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መመሪያ በልጆች ጃኬትና ሹራብ አንገትና ቆብ ላይ ማሰሪያ እንዳይኖር መክሯል፤ የአውሮፓ ደረጃም ለትንንሽ ልጆች በአንገት አካባቢ ማሰሪያን ይከለክላል። ስለዚህ በሪባኑ ፈንታ በመተላለፊያው ላስቲክ አስገብቶ፣ በትከሻ ላይ ከራሱ ጨርቅ የተቆረጠ ሰፋ ያለ ማንገቻ በሁለቱም ጫፍ አጥብቆ መስፋት ይመረጣል። መልኩ ብዙም አይለወጥም።

ሌሎች ቀላል ሥራዎች

የጨርቅ ቦርሳ ከቀሚስም ይቀላል፤ 40 በ90 ሳንቲም የሆነ ወፍራም ጥጥ ለሁለት ታጥፎ ጎኑ ይሰፋል፣ ሁለት እጀታ ይገጠምለታል። እጀታው የሚያያዝበት ቦታ በአራት ማዕዘንና በመካከሉ በመስቀል ቅርጽ ካልተሰፋ በመጀመሪያው የሽንኩርት ጭነት ይበጠሳል። ሽርጥም ለጀማሪ የሚሆን ነው፤ ዙሪያውን ጠርዝ ማጠፍ ብቻ ስለሆነ ቀጥ አድርጎ ለመስፋት ጥሩ ልምምድ ይሰጣል። የባርኔጣ ስፌት ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ጋር ቢጠቀስም ክብ ከክብ ጋር መግጠም ስለሚጠይቅ ለመጀመሪያ ሥራ አይመከርም።