ለልጅዎ ሳይክል ሲገዙ ከማርሹ በፊት ፍሬኑን ይዩ

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ለሚሄድ ሰው የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ የሚደረስበት ርቀት ነው። በሳይክል ለሚሄድ ግን ዳገት አለው፣ ነፋስ አለው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ቁልቁለት አለው። የ15 ዓመቷ ልጃችን አያቷን ለማየት በሳይክል እስከ ጎረቤላ መሄድ እንደምትፈልግ ስትነግረን፣ እኔና እናቷ መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ዋጋው ነበር። ስለ ቁልቁለቱ ያሰቡት አማቴ ናቸው። በስልክ ሲነገራቸው፣ «መውጣቱንስ ትወጣዋለች፤ ስትወርድ ማን ይይዝልኛል?» አሉ።

ሳይክሉን የመረጥነው በእሳቸው ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ «ሳይክል ግዙልኝ» እያለ የሚያስጨንቀው ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ፣ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ለኮረኮንችም ለሩቅ መንገድም የሚበቃ ሳይክል እንዴት እንደሚመረጥ የተማርነውን ላካፍልዎ።

ሳይክል የልጅ መጫወቻ ብቻ አይደለም

አንዳንድ ጎረቤቶቻችን «ሴት ልጅ ደግሞ በሳይክል አገር ለአገር?» ብለውናል። ሌሎችም ሳይክል ግቢ ውስጥ የሚነዳ መጫወቻ ይመስላቸዋል። አያቶች ግን ያስታውሱ ይሆናል፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በተካሄደው የሜልቦርን ጨዋታ፣ ከሯጮቹ ጋር የተጓዙት ብስክሌተኞች ነበሩ። ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነው። ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ልጃችን ለውድድር አትዘጋጅም። ነገር ግን ሳይክሏ ሰው የሚሸከም፣ መንገድ የሚያደርስ መሣሪያ ነውና እንደ መሣሪያ መመርመር ነበረበት።

መጀመሪያ አገሩን ይወቁ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው ቀላል የሆነ ዳገት እዚህ ያስለፈልፋል። የአንኮበር መንገድ ደግሞ ከከተማው ወጥቶ ወደ ባሰ ደጋ ይወጣና ጭላዳ የሚግጥበትን ሜዳ አልፎ፣ የተራራው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ወደታች ይገባል። ከዋናው መንገድ ሲወጡ ድንጋዩና ኮረኮንቹ ይጀምራል። ክረምት ሲገባ ጭቃና በረዶ ይጨመርበታል።

ይህ ሁሉ ሲደመር ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ የሚይዝ ፍሬን፣ ለዳገት የሚቀል ማርሽና ድንጋይ የሚችል ወፈር ያለ ጎማ። የውድድር ሳይክል ጎማው ቀጭን ስለሆነ ኮረኮንቹ ላይ አያዋጣም። ማርሽ የሌለው ከባዱ የጥንት ሳይክል ጠንካራ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ይገፋል እንጂ አይነዳም። በእኛ አገር «ማውንቴን» የሚባለው ዓይነት፣ ያውም ቀላሉ፣ ለሁለቱም ይሆናል።

«ያድጋል» ተብሎ አይገዛም

ጫማና ዩኒፎርም ስንገዛ «ይደርስበታል» ብለን አንድ ቁጥር እንጨምራለን። ሳይክል ላይ ይህ ልማድ አደጋ ነው። የተለቀ ሳይክል ላይ የተቀመጠ ልጅ ድንገት ለመቆም ሲፈልግ እግሩ መሬት አይደርስም።

ስለዚህ ልጁን ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ። የሳይክሉን የላይኛውን ብረት በሁለት እግሩ መካከል አድርጎ፣ ጫማ እንዳደረገ፣ እግሩን አስተካክሎ ይቁም። በብረቱና በሰውነቱ መካከል ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ቁመቱ ከ150 እስከ 160 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚስማማው 14 ወይም 15 ኢንች የሆነ ፍሬም ነው፤ ከ160 እስከ 170 ለሆነ 16 ወይም 17 ኢንች። ይህ የፍሬሙ ልክ ነው እንጂ የጎማው አይደለም።

የመቀመጫው ከፍታ ደግሞ በቀላሉ ይታወቃል። ልጁ ተቀምጦ ተረከዙን ታች የደረሰው ፔዳል ላይ ሲያደርግ እግሩ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። ከዚያ በታች የወረደ መቀመጫ በረጅም መንገድ ጉልበት ያሳምማል። ልጁ ሲያድግ መቀመጫውን ማንሳት ይቻላል፤ ፍሬሙን ግን ማሳጠር አይቻልም።

ፍሬን

ጠባሴ አካባቢ ሳይክል የሚጠግን አንድ ልጅ የነገረኝን አልረሳውም። «ጋሼ፣ ማርሹ ቢበላሽ ወርዳ ትገፋዋለች። ፍሬኑ ቢበላሽ ግን መውረጃ የላትም።»

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ላስቲኩ የጎማውን ቸርኬ ከግራና ቀኝ የሚጨብጠው ነው። ርካሽ ነው፣ ማንም ይጠግነዋል፣ ላስቲኩም በቀላሉ ይቀየራል። ድካሙ ዝናብና ጭቃ ላይ ነው፤ ቸርኬው ሲርስ ቶሎ አይይዝም። ሁለተኛው ጎማው መሃል ላይ ያለችውን ክብ ብረት የሚጨብጠው የዲስክ ፍሬን ነው። በእርጥብ መንገድ ይሻላል። ነገር ግን ክቧ ብረት ከተጣመመች ይንጫጫል፣ ይይዛል ይለቃል። በሽቦ የሚሠራውን ዲስክ ጠጋኞች በቀላሉ ያስተካክሉታል። በዘይት የሚሠራው ግን የራሱ ዘይትና መሣሪያ ስለሚፈልግ፣ እነዚህ በቅርብ ከሌሉ ባይገዙት ይሻላል።

የትኛውንም ቢመርጡ ሱቁ በር ላይ ሦስት ነገር ይሞክሩ። የፊቱን ፍሬን ብቻ ጨብጠው ሳይክሉን ወደፊት ይግፉት፤ የፊት ጎማው መሽከርከር የለበትም። የኋላውን ጨብጠው እንዲሁ ሲገፉት ጎማው ታስሮ መንሸራተት አለበት። ሦስተኛው የልጁ እጅ ነው። ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ሲጨበጥ ከመሪው ጋር ሊገናኝ አይገባም፤ የልጁ ጣቶችም ሳይንጠራሩ ሊደርሱበት ይገባል። ለትንሽ እጅ የሚርቅ ከሆነ ብዙዎቹ ላይ የፍሬኑን እጀታ የምታቀርብ ትንሽ ብሎን አለች፤ ጠጋኙ ያጠብቃታል። ልጃችን አንድ የሚያምር ቀይ ሳይክል መርጣ ነበር። ፍሬኑን ስትጨብጥ ጣቷ ጫፉን ብቻ ነካው፤ ብሎኗም አልነበረችም። አኮረፈች፤ ግን ተውነው።

ለቁልቁለትም ትምህርት ያስፈልጋል። ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ መጨበጥ፣ ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ፍሬን አለመያዝ፣ ወገብን ወደ ኋላ ማድረግ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳይለቁ እየጎተቱ መውረድ ያግለዋል፤ ጨበጥ ለቀቅ እያደረጉ መውረድ፣ ሲግል ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ ይሻላል።

የማርሹ ብዛት አያታልልዎ

ሻጮች የሚያስቀድሙት ቁጥር ነው፤ «18 ማርሽ፣ 21 ማርሽ፣ 24 ማርሽ» ይላሉ። ለዳገት የሚጠቅመው ግን ትንሹ ማርሽ ምን ያህል ይቀላል የሚለው ነው። ይህን የሚያውቁት ጥርስ በመቁጠር ነው። ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ክብ ይቁጠሩ። የ26 ኢንች ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ከ2 ሜትር በጥቂቱ የሚበልጥ ይሄዳል። ከፊት 28፣ ከኋላም 28 ጥርስ ከሆነ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል፤ 2 ሜትር ሄዱ ማለት ነው። ከፊት 24፣ ከኋላ 34 ከሆነ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ይሄዳሉ። ይህ ለሰነፍ የተሠራ አይደለም፤ ዕቃ ጭኖ በደጋ አየር ዳገት ለሚወጣ ሰው ነው። ስለዚህ የኋላው ትልቁ ጥርስ ከፊቱ ትንሹ እኩል ወይም በላይ ከሆነ፣ ማርሹ 18ም ይሁን 21 ያዋጣል።

ጎማና መለዋወጫ

የጎማው ልክ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 26 በ1.95። ሁለተኛው ቁጥር ውፍረቱ ነው፤ ለኮረኮንች ከ1.9 እስከ 2.1 ያለው ይሆናል። ሳይክሉን ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ጎሚስታና አንድ መለዋወጫ ሱቅ ገብተው «የዚህ ቁጥር ካላማዳሪ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ከሌለ፣ ሳይክሉ ምንም ቢያምር አንድ እሾህ ሲወጋው ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። እኛ 26ን የመረጥነው እዚሁ ከተማ ስላገኘነው ብቻ ነው።

የፊትም የኋላም ሞላ ያለው ርካሽ ሳይክል ልጆችን ይማርካል። ሲያዩት የሞተር ሳይክል ዘመድ ይመስላል። ርካሹ ሞላ ግን ክብደት ይጨምራል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ይበላል፣ መገጣጠሚያው ሲላላ ደግሞ ሳይክሉ ሁሉ ይንገጫገጫል። የኋላ ሞላውን ይተዉት። የፊቱ ባይኖርም ወፍራም ጎማ አብዛኛውን ይሸከማል። ለሩቅ ጉዞ የበለጠ የሚጠቅመው ከኋላ ጎማው አጠገብ ዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳ መኖሩ ነው። ቦርሳ ጀርባ ላይ ተሸክሞ 40 ኪሎ ሜትር መንዳት ወገብ ይጨርሳል።

ያገለገለ ከሆነ

ገንዘብ ካነሰ፣ ጥሩ ያገለገለ ሳይክል ከመናኛ አዲስ ይሻላል። እኛም ያገለገለ ነው የገዛነው። ሲመርጡ እንዲህ ይመርምሩ።

መሪው ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጨርቅ ጠርገው ስንጥቅ ወይም አዲስ ብየዳ እንዳለ ይዩ፤ ካለ አይግዙ። ጎማውን ከፍ አድርገው ያሽከርክሩት፤ ግራና ቀኝ የሚወላገድ ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል። የፊት ፍሬኑን ጨብጠው ሳይክሉን ወዲያና ወዲህ ይወዝውዙት፤ «ቋ ቋ» የሚል ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። ለካቴናው ማስመሪያ ይያዙ፤ ከአንዱ ፒን ተነስተው 24 መገጣጠሚያ ይቁጠሩ። አዲስ ካቴና ላይ ይህ 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ30.6 በላይ ከሆነ ካቴናው ይቀየራል፤ 30.8 ከደረሰ ጥርሶቹንም ሳይበላቸው አይቀርም። ይህን ዋጋ ሲከራከሩ ያንሱት። በመጨረሻም ከማን እንደተገዛ የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ፤ የተሰረቀ ሳይክል ለልጅ አይገዛም።

ገንዘቡን ሁሉ ሳይክሉ ላይ አይጨርሱ

ካሰቡት ገንዘብ አምስተኛውን ያህል ያስቀሩ። ከሁሉ በፊት ሄልሜት፤ የልጁን ጭንቅላት አጥብቆ የሚይዝ፣ ግንባሩን የሚሸፍን፣ ወድቆ ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት። ቀጥሎ ትርፍ ካላማዳሪ፣ ትንሽ ፖምፓ፣ መለጠፊያ፣ ብሎን መፍቻዎችና የኋላ መብራት። ልጁ ጎማ ማውጣትና መለጠፍ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይሠራ ከከተማ መውጣት የለበትም።

መንገዱን ከፋፍሎ መስጠት

የመጀመሪያው ወር ከተማ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ሩብ መንገድ ሄዶ መመለስ፣ ከዚያ ግማሽ። ከባድ መኪና የሚበዛበትን የአዲስ አበባና የደሴ መስመር ለጀማሪ አንመክርም። ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት ነፋሱ ሳይበረታ መመለስ፣ ብቻ አለመሄድ፣ ውሃ፣ በሶና ቆሎ መያዝ። የገጠር ውሻ ከመጣ መሮጥ ሳይሆን ወርዶ ሳይክሉን በመካከል አድርጎ ቀስ እያሉ ማለፍ ነው። የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች ሳይጠይቁ ደግሞ መነሳት አይገባም።

ልጃችን ጎረቤላ የደረሰችው ሳይክሏ በተገዛ በአምስተኛው ወር፣ በጥር፣ ከአጎቷ ጋር ነው። ስትመለስ ሳይክሉ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ መጣ፤ ቀድሞ የተስማማነው እንዲሁ ነበር። የወረዱትን ቁልቁለት በዚያው ቀን መልሶ መውጣት ለጀማሪ አይሆንም፤ በመኪና መመለስም ነውር የለበትም።

ሳይክሉ ከተገዛ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው፤ ግን በየሳምንቱ ነው። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግና ጥቂት ዘይት ማድረግ፣ ጎማውን በአውራ ጣት መጫን፣ ብሎኖቹን መነካካት፣ የፍሬኑን ላስቲክ ማየት። ላስቲኩ ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ ዋጋው ትንሽ ነውና ወዲያው ይቀየር። ይህን እርስዎ አይሥሩት፤ ልጁ ይሥራው፣ እርስዎ አጠገቡ ቁጭ ብለው ይዩ። የሚነዳውን ነገር የሚያውቅ ልጅ መቼ ማቆም እንዳለበትም ያውቃል።