የአምባዛ ዕንቍላል

በጣና ሐይቅ አምባዛ የሚባል ዓሣ ይኖራል። ዓሣ ሁሉ በውኃ ውስጥ በስንጥቡ ይተነፍሳል፤ አምባዛ ግን አየር የሚስብበት ሌላ ብልት ደግሞ አለው። ስለዚህ ውኃው ጐድሎ በጭቃ ቢቀር ወዲያው አይሞትም።

ክረምት በሆነ ጊዜ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ያን ጊዜ አምባዛ ከጥልቁ ወደ ሜዳው ይወጣል። እንስቲቱም ብዙ ሺህ ዕንቍላል ትጥላለች፤ ዕንቍላሉም በሣሩ ላይ ተጣብቆ በጥቂት ቀን ይፈለፈላል።

በዚህ ወራት ዓሣውን በመረብ መያዝ ቀላል ነው። ነገር ግን ዕንቍላል ያላትን እናት የሚይዝ ሰው የአንድ ቀን ራት ሲያገኝ የከርሞውን ዓሣ ያጠፋል።

ልጆች ሆይ፥ አስተውሉ፤ ዘሩን የበላ ገበሬ በመከር ጊዜ ምን ያጭዳል?